የልጅ መነጽር ትምህርት ቤት ውስጥ ሲሰበር ከፋዩ ማነው?

በእረፍት ሰዓት ሲሯሯጡ አንዱ ልጅ የሌላውን መነጽር ገፍትሮ ሰበረ እንበል። ብዙ ወላጅ ወዲያው የሰባሪውን አባት ስልክ ያፈላልጋል። እውነትም የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2124 አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ለሚጠየቅበት ጉዳት ኃላፊው አባት ነው ይላል። ቀጣዩ ቁጥር 2125 ግን ነገሩን ይቀይረዋል። ልጁ በትምህርት ቤት ጥበቃ ሥር ባለበት ሰዓት ኃላፊነቱ ወደ ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ይዞራል። ስለዚህ መጀመሪያ የርዕሰ መምህሩን ቢሮ አንኳኩ።

ልጃችሁ መነጽሩን አግዳሚ ወንበር ላይ ጥሎ ራሱ ከተቀመጠበትስ? ያው ከኪሳችሁ ነው።

በር ላይ የሚለጠፈው «ለጠፋና ለተሰበረ ንብረት ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ወረቀት ብዙ ሰው ያስፈራል። በእኔ እይታ ወረቀቱ ብቻውን ጉዳዩን አይዘጋውም። ሕግ በማስታወቂያ አይሻርም።

ክስ የማቅረቢያው ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ 2 ዓመት ነው። ግን ለአንድ መነጽር ፍርድ ቤት የሚመላለስ የለም። አብዛኛው ጊዜ ሁለቱ ወላጆች ተገናኝተው፣ ትንሽ ተከራክረው፣ ግማሽ ግማሽ ያዋጣሉ። ለማንኛውም የተሰበረውን ፍሬምና ደረሰኙን አትጣሉ።