የልጆች የፑሪም ልብስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እዚህ እስራኤል፣ ነታኒያ ከተማ፣ አይሁዶች በአስቴር ዘመን ከጥፋት የዳኑበት በዓል ፑሪም ሲቃረብ እናቶች ተገናኝተን የምናወራው ስለ ልጆች ታሕፖሴት፣ ማለትም ሌላ ሰው መስለው ስለሚለብሱት የበዓል ልብስ ነው። ደጋግሜ ከምሰማው ጥቂቱን ላንሳ።

«የአንድ ቤት ልጆች አንድ ዓይነት ይልበሱ።»
መስማማት ያለበት ታሪኩ ነው፤ ልብሱማ እንደየልጁ ነው። እኛ አምና መጽሐፈ አስቴርን መረጥን። ሴቷ ልጄ አስቴር፣ ታላቅ ወንድሟ መርዶክዮስ ሆኑ። የሦስት ዓመቱ ልጅ «አንበሳ ካልሆንኩ» ብሎ አለቀሰ፤ የንጉሡ ግቢ አንበሳ አደረግነው። የ13 ዓመቱ ልብስ መቀየር አፈረ። አላስገደድኩትም። በጂንስ ሱሪው ላይ የተጠቀለለ ደብዳቤ አስያዝኩትና የንጉሡ መልእክተኛ ሆነ።

«ልብሱ ትእዛዝ ነው።»
የፑሪም ትእዛዛት አራት ናቸው፦ መጊላውን (የመጽሐፈ አስቴርን ጥቅልል) ሲነበብ መስማት፣ ለወዳጅ ምግብ መላክ፣ ለድሆች መስጠት፣ ማዕድ መቁረስ። ልብሱ በጣሊያን አይሁዶች ዘንድ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የታየ ልማድ ነው። ገንዘብ ካጠረ የድሆቹ ይቅደም።

«ከሱቅ ካልተገዛ አያምርም።»
የአስቴር ዘውድ ከካርቶን ተቆርጦ ወርቃማ ወረቀት ተለጠፈበት። ከሥሩ ነጠላ አለበስናት፤ እናቴ ጥለቱ ግንባሯ ላይ እንዲያርፍ አስተካክላ በመርፌ ቁልፍ ያዘችላት።

«አስቴር ጥቁር አይደለችም፤ ሹሩባም የላትም።»
ይህን ልጄ ከጋን (ከመዋዕለ ሕፃናት) ሰምታ መጣች፤ ሹሩባዬን ፍቺልኝ አለችኝ። አንጀቴን በላችኝ። መጽሐፉን አውጥቼ የመጀመሪያውን ቁጥር አነበብኩላት፦ ንጉሡ «ከህንድ ጀምሮ እስከ ኢትዮጵያ ድረስ» በ127 አገሮች ላይ ነገሠ ይላል። ስለ አስቴርም መልከ መልካም መሆኗን እንጂ የቆዳዋን ቀለም አይናገርም። እናቴ ደግሞ አጠገቧ ቁጭ ብላ፣ በአገር ቤት ታሕፖሴት ባይኖርም ጾመ አስቴርን ይጾሙ እንደነበር ነገረቻት። «አስቴር የኛ ናት ልጄ» አለቻት። ልጅቷ ሹሩባዋን እንደተሠራች ሄደች።

እኛ ፑሪምን የምናከብረው አዳር በሚባለው የአይሁድ ወር በ14 ነው፤ ኢየሩሳሌም ግን በ15 ነው። ማምሻውን ነጠላውንና ዘውዱን ኢየሩሳሌም ላለችው የእህቴ ልጅ ላክንላት፤ በማግስቱ እሷም አስቴር ሆነችበት።