የመስታወት ማስቲሽ ምንድን ነው?

ክረምት ላይ አንድ የኮምቦልቻ ልጅ ሁለት በር ቶዮታ ሴሊካ ይዞ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ጋራዣችን መጣ። ቀይ፣ ለመሬት የቀረበች፣ ፒያሳ ላይ ሰው ዞሮ የሚያያት መኪና ናት። በሩን ሲከፍተው ግን የእርጥብ ጆንያ ሽታ ወጣ። ከሾፌሩ ጎን ያለውን ሞኬት በእጄ ብጫነው ውሃ አቀረረ።

«የመስታወቱ ጎሚኒ ነው ብለውኝ ዙሪያውን ሲልከን አስቀባሁት። ጭራሽ ባሰበት» አለኝ።

«አብሽር። የፊት መስታወቱ ተቀይሮ ያውቃል?»

«አዎ፣ መጋቢት ላይ። ድንጋይ ሰንጥቆት።»

ነገሩ ከዚያ ይጀምራል። ያንን መስታወት የያዘው ጎሚኒ አይደለም። ዳር ዳሩን የሚታየው ጥቁር ላስቲክ ለጌጥና ለአቧራ ነው፤ ቢነቀልም መስታወቱ ንቅንቅ አይልም። የያዘው ከሥሩ ያለው ማስቲሽ ነው።

በድሮዎቹ፣ በነቮልስዋገን ቢትል፣ እውነትም ጎሚኒ ነበር የሚይዘው። መስታወቱ በወፍራም ጎሚኒ ይታቀፋል፣ በጎሚኒው ከንፈር ውስጥ ገመድ ይዞርበታል፣ አንዱ ከውጭ ሲገፋ ሌላው ከውስጥ ገመዱን እየሳበ ይገባል። ዛሬ መስታወቱ በቀጥታ ከላሜራው ጋር ይጣበቃል። የሚያጣብቀው ጥቁር ወፍራም ነገር ስሙ ፖሊዩሬቴን ነው። ጋራዥ ውስጥ ማስቲሽ እንለዋለን፤ ችግሩ ሲልከኑንም ማስቲሽ ማለታችን ነው። ሁለቱ አይገናኙም። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ተራ ሲልከን ሲደርቅ አሲድ ያወጣል፤ የተጫረ ላሜራ ካገኘ ያዝገዋል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ሲልከን የነካው ቦታ ላይ ፖሊዩሬቴን አይዝም። ተፍቆ፣ ተጠርጎ፣ እንደገና ተጠርጎ ካልጠፋ በቀር።

ሙጫ መኪና ይይዛል ወይ የሚል ደንበኛ አይጠፋም። የእንግሊዙ ሎተስ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣት ኤሊዝ የምትባል የስፖርት መኪና ሻንሲዋ ራሱ የአሉሚኒየም ቁራጮች በሙጫ ተጣብቀው የተሠራ ነው፤ ብየዳ አይደለም። የእኛም የፊት መስታወት የመኪናው አካል ክፍል ነው። መኪና ሲገለበጥ ጣሪያው እንዳይጨፈለቅ ያግዛል። ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠው ሰው ኤርባግ (በግጭት ጊዜ የሚነፋው ከረጢት) በብዙ መኪና ላይ ወደ ላይ ፈንድቶ መስታወቱን ተደግፎ ነው ወደ ሰውየው የሚዞረው። መስታወቱ በደንብ ካልተያዘ ኤርባጉ ገፍቶት ይወጣል። ውሃ ማስገባቱ እንግዲህ ትንሹ ጉዳት ነው ማለት ነው።

የዚህ ማስቲሽ ትልቁ ጉድ አደራረቁ ነው። ፀሐይ ላይ አውጥተው የሚያደርቁት ጭቃ አይደለም፤ የሚጠጥረው ከአየሩ እርጥበት እየጠጣ ነው። ውሃ እንዲከለክልልን የምንቀባው ነገር ያለ ውሃ አይሠራም! በበጋ ደረቅ አየር ይዘገያል፤ በደሴ ብርድም ይዘገያል። ላዩ ቶሎ ቆዳ ያወጣና የደረቀ ይመስላል፤ ውስጡ ግን በ24 ሰዓት 3 ወይም 4 ሚሊሜትር ያህል ነው የሚጠጥረው። ጠላቱ ደግሞ ፀሐይ ናት። በመስታወቱ ዳር ዙሪያውን ያለው ጥቁር ቀለም ለውበት የመሰለው ብዙ ነው፤ ሥራው ማስቲሹን ከፀሐይ ጨረር መከለል ነው። እንደ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ላለ ከተማ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ሴሊካዋ ልመለስ። መስታወቱ ተጠርጣሪ ነው እንጂ ገና አልተፈረደበትም። የቆርቆሮ ቤት የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ኮርኒሱ ላይ የረጠበው ቦታና ሚስማሩ የላላበት ቦታ አንድ አይደሉም። ውሃው በአግዳሚው እንጨት ተንሸራቶ ሌላ ጋ ይንጠባጠባል። መኪናም እንዲሁ ነው፦ ከላይ ማዕዘን የገባ ውሃ በመስታወቱ ጎን ባለው የጣሪያ ምሰሶ ውስጥ ወርዶ እግር ሥር ይወጣል። ደግሞስ የዝናብ ውሃ ነው ወይ? ጣፋጭ የሚሸትና የሚያሟልጭ ከሆነ ከማሞቂያው የሚፈስ የራዲያተር ፈሳሽ ነው። ኤሲ ሲሠራ ብቻ የሚመጣ ንጹሕ ውሃ ከሆነ የኤሲው ማፍሰሻ ቱቦ ተደፍኗል።

የዝናብ መሆኑን ካወቅን ሞኬቱን አንስተን ሁሉንም በጨርቅ እናደርቃለን፤ በረጠበ ቤት ውስጥ አዲስ ውሃ አይለይም። ከዚያ በተጠረጠረው መንገድ ላይ የሕፃን ፓውደር እንነሰንሳለን። አንዱ የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይተኛል፣ ሌላው በላስቲክ ቱቦ ውሃ ያፈሳል፤ በኃይል ሳይሆን እንደ ዝናብ፣ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ፣ እያንዳንዱ ቦታ ላይ ጥቂት ደቂቃ እየቆየ። ከላይ የጀመረ ሰው ሁሉንም በአንዴ አርጥቦ ምንም አይማርም። ፓውደሩ ላይ ውሃው የሄደበት መስመር ይቀራል። ሌላው ዘዴ መስኮቱን ሁሉ ዘግቶ ማራገቢያውን የውጭ አየር ላይ እስከ መጨረሻው መክፈት፣ ከውጭ ዳር ዳሩን የሳሙና ውሃ መቀባት ነው፤ ከውስጥ የሚያመልጠው አየር አረፋ ይነፋል። የካላመዳሪ ቀዳዳ በገንዳ ውሃ የሚፈልግ ጎሚስታ ያየ ሰው ይገባዋል።

የስፖርት መኪኖች በዚህ ይከፋሉ። መስታወታቸው በጣም ስለተጋደመ ውሃ ይተኛበታል፤ ብዙዎቹ የበር መስኮታቸው ፍሬም የለውም፣ ባዶ መስታወት ጎሚኒ ላይ ይደገፋል። ጣሪያቸው የሚታጠፈው ደግሞ ውሃውን በቀጭን ቱቦ ወደ ታች ያወርዳሉ፤ ቱቦው ሲደፈን ጉድ ይፈላል። የመጀመሪያዎቹ የፖርሽ ቦክስተሮች የቁልፉን ኮምፒውተር ከወንበር ሥር ነው ያስቀመጡት፤ ሞኬቱ ሲረጥብ እሱ ይሰምጥና መኪናዋ አልነሳም ትላለች።

ሴሊካዋ ላይ ያገኘነው ሁለት ነገር ነው። ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ያለው ገንዳ በባሕር ዛፍ ቅጠል ተሞልቶ ማፍሰሻው ተደፍኖ ነበር። እሱን ጠርገን እንደገና ውሃ ስናፈስ በቀኝ በኩል የላይኛው ማዕዘን ላይ አረፋ ተነፋ። ማስቲሹን የቀባው ሰው መነሻውንና መድረሻውን ሳያደራርብ ትቶ የእስክርቢቶ ቀፎ የምታህል ክፍተት ቀርታለች። ሲልከኑ ያባሰበት ምክንያትም ገባን፤ ከውጭ ያለውን መውጫ ሲዘጋው የተጠራቀመው ውሃ በዚያች ክፍተት ወደ ውስጥ ዞረ።

መስታወቱን በቀጭን ሽቦ ቆርጠን አወጣነው። አሮጌው ማስቲሽ እስከ ላሜራው አይፋቅም፤ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ተስተካክሎ ይቀራል፣ አዲሱ የራሱን ወገን አጥብቆ ይይዛል። የዛገው ቦታ ግን እስከ ብረቱ ተፍቆ ፕራይመር (የመነሻ ቀለም) ተቀባ። ሲልከኑን ማስለቀቁ ብቻውን ግማሽ ቀን ፈጀ፤ ያንን የሠራው ሰው አጠገቤ ቢሆን ብዬ ነበር። ከዚያ ማስቲሹ በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ሳይቆራረጥ ዞረ፣ ጫፍና ጫፉ ተደራረበ፣ መስታወቱ ተቀመጠ።

ልጁ ቁልፉን ዘረጋ። ዛሬውኑ ሊወርድ ነው። እደር አልኩት፤ ስትሄድም በሩን አታላትም፣ አንድ መስኮት ጥቂት ክፈት፣ አየሩ መስታወቱን እንዳይገፋው። ሌሊቱን ዘነበ። ጠዋት መጀመሪያ የነካው ሞኬቱን ነው።