«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም»

አባባሉ የተነሣው ከበሽተኛና ከመድኃኒተኛ ነው። «የት ጋ ነው የሚያምህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚያፍርበትን ትቶ «ራሴን ነው» የሚል ሰው የራስ ምታት መድኃኒት ተቀብሎ ይመለሳል፤ ሕመሙም አብሮት። ከዚያ ወደ ንስሐ ለመሻገር ሩቅ መንገድ አልነበረም። በአማርኛ ከደዌም ከኃጢአትም የወጣ ሰው «ዳነ» ነው የሚባለው። «መድኃኒት» እና «መድኃኔዓለም» የበቀሉትም ከአንድ ሥር፣ «ድኅነ» ከሚለው ግእዝ ነው።

ሰውን ዝም የሚያሰኘው አብዛኛውን ጊዜ ይሉኝታ ነው፤ «ምን ይሉኛል» የሚለው ጭንቀት።

የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ለዚህ አባባል የተጻፈ ይመስላል። ደም የሚፈስሳት ሴት 12 ዓመት ሙሉ በብዙ ባለመድኃኒቶች ተሠቃይታ ገንዘቧን ጨርሳለች። በኦሪቱ ሕግ (ዘሌዋውያን 15) የተኛችበትና የተቀመጠችበት ሁሉ ርኩስ ስለሚሆን ሕመሟን በአደባባይ መናገር ከባድ ነበር። ስለዚህ በሕዝብ መካከል ከኋላ መጥታ የኢየሱስን ልብስ ዳሰሰች፤ ደሙም ወዲያው ቆመ። ልብ በሉ፦ የተፈወሰችው ገና ሳትናገር ነው። ጸጋ ቀድሟታል፤ ኑዛዜ የምሕረት ዋጋ አይደለም። ጌታ ግን «ማን ዳሰሰኝ?» ብሎ ዙሪያውን ተመለከተ። እየተንቀጠቀጠች በፊቱ ተደፍታ እውነቱን ሁሉ ስትነግረው «ልጄ ሆይ» አላት። በስርቆሽ ብትሄድ ኖሮ ሰውነቷ ድኖ ኀፍረቷ አብሯት ወደ ቤት በገባ ነበር።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ይህ እውነትን መናገር፣ ኑዛዜው፣ የሚፈጸመው በንስሐ አባት ፊት ነው። ካህኑ የሰማውን ለማንም ማውጣት አይፈቀድለትም። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ግን አነጋገሩ ላይ ነው። «በሁሉም በድያለሁ» ማለት ትሕትና ይመስላል፤ ለካህኑ ግን የሚያክመው ቁስል አላሳየም። ሌላው ጾም መሻሩን ይዘረዝርና ዝሙቱን ወይም የበላውን ገንዘብ ይውጣል። የባሏን በደል አውርታ የራሷን ሳታነሣ የምትነሣም አለች። ከሁሉ የሚከፋው ትንንሹን ለሚያውቁት የንስሐ አባት፣ ትልቁን ለማያውቁት ካህን መከፋፈል ነው፤ ሁለቱም የሚሰጡት ቀኖና (ለንስሐ የሚታዘዘው ሥራ) በግማሽ ወሬ ላይ የቆመ ይሆናል።

የሚሻለው አስቀድሞ ራስን መርምሮ በጣም የሚያሳፍረውን መጀመሪያ መናገር ነው፤ ምን እንደተደረገ፣ ስንት ጊዜ፣ አሁንም እንዳለ። የተጎዳ ሰው ካለም መናገር፣ ምክንያቱም የተወሰደ ገንዘብ መመለስ አለበት። የሌላውን ሰው ስም መጥራት አያስፈልግም።

ከዚያ የጸሎቱ፣ የጾሙ፣ የስግደቱ ቀኖና ይሰጣል። ቀኖናው ተፈጽሞ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ከተባለ በኋላ ያንኑ የተተወ ኃጢአት በየጊዜው እንደ አዲስ የሚናዘዙ አሉ። ይህ ይሉኝታው ከሰው ወደ እግዚአብሔር ዞሮባቸው ነው። ከእንግዲህ ቀጥሎ የሚጠብቃቸው ግን ሌላ ኑዛዜ ሳይሆን ቅዱስ ቁርባን ነው።