የካንሰር ስካን ንባብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአንድ ታካሚ ስካን በሁለት ሐኪሞች ሲነበብ፣ አንዱ ሪፖርት ስለ ካንሰሩ ደረጃ አንድ ነገር ይላል፤ ሌላው ሌላ። ቤተሰብ ይደነግጣል። ድንጋጤው ይገባኛል፤ አብዛኛው ግን ስለ ስካን ካለን የተሳሳተ ግምት የሚመጣ ነው።

«ስካን ፎቶ ነው፤ ሁሉም አንድ ነገር ያያል።»

ስካን ይነበባል፣ ይለካል፣ ይተረጎማል። የሳንባ ካንሰር ዕጢ በመጠኑ ሲመደብ፣ እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ቲ1 ይባላል፤ ከ3 አልፎ እስከ 5 ከሆነ ቲ2። ጠርዙ የደበዘዘን ዕጢ አንዱ ራዲዮሎጂስት (ስካን የሚያነብ ሐኪም) 29 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው 31 ቢለካው ሁለቱም በጥንቃቄ ሠርተው ሊሆን ይችላል።

«ንፍፊቱ ካበጠ ካንሰሩ ተሰራጭቷል ማለት ነው።»

ይህ ብዙ ሰው ያለ ምክንያት ተስፋ የሚያስቆርጥ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ደረት ውስጥ ያለ ንፍፊት (ሊምፍ ዕጢ) አጭሩ ስፋቱ ከ10 ሚሊ ሜትር ካለፈ ያጠራጥራል። ማጠራጠር ግን ማረጋገጫ አይደለም። ቲቢም ንፍፊት ያሳብጣል፤ እንደ እኛ ቲቢ በበዛበት አገር ደግሞ ይህን መርሳት አይቻልም። ስኳር በብዛት የሚጠቀሙ ሴሎችን አብርቶ የሚያሳየው ፔት ስካንም ሁልጊዜ አይገላግልም፤ ቲቢ ያለበት ቦታም እንደ ካንሰር ሊያበራ ይችላል። በተቃራኒው ከ10 ሚሊ ሜትር ያነሰ ንፍፊት ውስጥ ካንሰር ሊኖር ይችላል። የአንድ ንፍፊት ንባብ ደረጃውን ከ1 ወደ 2 ወይም 3 ሊያዘልለው ስለሚችል፣ ሕክምናው በዚያ ላይ የሚወሰን ከሆነ በመርፌ ናሙና ተወስዶ ይመረመራል።

«ካልተስማሙ አንዱ ሥራውን አያውቅም።»

ልምድ ለውጥ ያመጣል። ሆኖም አንቱ የተባሉ ባለሙያዎችም ይለያያሉ፤ ያው ሰው ያንኑ ምስል ከሳምንታት በኋላ ሲያየው ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል። ተመራማሪዎች ስምምነቱን ካፓ በሚባል ቁጥር ይለካሉ፦ 1 ሙሉ ስምምነት፣ 0 በአጋጣሚ ከሚገኘው ያልተሻለ። ለፕሮስቴት ኤምአርአይ ፒራድስ የተባለው የጋራ መመዘኛ በ2012 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ2015 እና በ2019 የተሻሻለውም በከፊል ንባቡን ለማቀራረብ ነው።

«ማንኛውም ልዩነት ሕክምናውን ይቀይራል።»

አይቀይርም። ሬክተም በሚባለው የትልቁ አንጀት መጨረሻ ክፍል ካንሰር ላይ፣ ዕጢው የጡንቻውን ግድግዳ በጥቂቱ አልፏል ወይስ አላለፈም በሚለው ባለሙያዎች ብዙ ይከራከራሉ። ዕጢው ከቀዶ ሕክምናው ድንበር 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች መቅረቡ ግን ብዙ ጊዜ የበለጠ ያሳስባል። ስለዚህ ሐኪምዎን «ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? ሕክምናዬንስ ይቀይራል?» ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛ አስተያየት ሲፈልጉም ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ምስሎቹ ያሉበትን ሲዲ፣ የድሮውንም ጭምር፣ ይዘው ይሂዱ።