የባሕር ኤሊ ማገገሚያ ምንድን ነው?

የባሕር ኤሊ ማገገሚያ ማለት የታመመች፣ የተጎዳች ወይም ሰው ያለፈቃድ ያስቀመጣት ኤሊ ታክማ ወደ ባሕር እስክትመለስ የምትቆይበት ቦታ ነው። ሆስፒታል ነው ማለት ይቻላል። አንድ ልዩነት ግን አለው። እዚህ ታካሚዋ ሰው ሳትለምድ እንድትወጣ ነው የሚፈለገው።

ዱባይ ለምትኖሩ ወገኖቻችን ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። ጁመይራ ባሕር ዳርቻ፣ ቡርጅ አል አረብ ሆቴል አጠገብ፣ በ2004 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የተጀመረ የኤሊዎች ማገገሚያ ፕሮጀክት አለ። እስካሁን ከ2,000 በላይ ኤሊዎችን አክሞ ለቋል። አብዛኞቹ ታካሚዎች ሆክስቢል የሚባሉት፣ አፋቸው እንደ ጭልፊት ምንቃር የቆለመመ ኤሊዎች ናቸው። ይህ ዝርያ ከዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት አንዱ ነው። ስለዚህ የአንዷ መትረፍ ትልቅ ነገር ነው።

የሚበዙት ታካሚዎች የሚመጡት በቅዝቃዜው ወቅት፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ኤሊ የሰውነቷን ሙቀት የምታገኘው ከአካባቢዋ ነው። ባሕሩ ሲቀዘቅዝ እሷም ትደክማለች፤ በተለይ ትንንሾቹ ቶሎ ይጎዳሉ። የደከመች ኤሊ መዋኘት ትቀንሳለች፣ መብላትም ታቆማለች። ያኔ ባርናክል የሚባሉ፣ ድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ቅርፊቷ ላይ ይሰፍራሉ። ሲበዙ ይከብዷታል። ስትከብድ ደግሞ ይበልጥ ትደክማለች። በመጨረሻ ማዕበሉ ገፍቶ ዳር ያወጣታል።

አሁን ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ዳር ላይ ወድቃ ያገኛት ሰው አዝኖላት፣ አንስቶ መልሶ ውኃ ውስጥ ይከታታል። ደግ ልብ ነው፤ ግን ሊገድላት ይችላል። ኤሊ የምትተነፍሰው እንደኛ በሳንባ ነው። አየር ለመሳብ ጭንቅላቷን ከውኃው ማውጣት አለባት። ለዚያ አቅም ካጣች ባሕር ውስጥ እያለች ትሰምጣለች። ስለዚህ እንዲህ ያለች ኤሊ ካጋጠመቻችሁ ወደ ውኃው አትመልሷት። ፀሐይ እንዳይመታት አጥሉባት፣ ሰው እንዳይከባት አድርጉ፣ ለማገገሚያው ደውሉ። እንቁላል ልትጥል ወደ አሸዋው የወጣች ጤነኛ እናት ከሆነች ግን ራቅ ብላችሁ ተዉአት።

ማገገሚያው ስትደርስ መጀመሪያ የምትገባው ጨው የሌለው ውኃ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ባርናክሎቹ የባሕር ፍጥረታት ስለሆኑ እዚያ ይሞታሉ፤ እሷ ግን ለጥቂት ጊዜ ትችለዋለች። ሙቀቷ ቀስ እያለ እንዲጨምር ይደረጋል። ጉሉኮስ፣ ካስፈለገም አንቲባዮቲክ ይሰጣታል። ፕላስቲክ የዋጠች ትኖራለች። ሆዷ ጋዝ ሞልቶ መጥለቅ ያቃታት፣ ውኃው ላይ የምትንሳፈፍም ትኖራለች።

ረጅም ጊዜ ከሚወስዱት ሕክምናዎች አንዱ ጀልባ ቅርፊቷን የሰነጠቀባት ኤሊ ሕክምና ነው። ብዙ ሰው ቅርፊቱን ከላይ እንደተደረበ ልባስ ያየዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ቅርፊቱ ራሱ አጥንት ነው፤ የጎን አጥንቶቿና አከርካሪዋ ከእሱ ጋር ተዋህደዋል። ደም ይዞርበታል፣ ሲነካም ይሰማታል። መሰንጠቁ የአጥንት ስብራት ነው ማለት ነው። እስኪድን ወራት፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ ይፈጃል።

ሰው ገንዳ ውስጥ ይዟቸው የቆዩት ደግሞ ሌላ ችግር ይዘው ይመጣሉ። ፀሐይና ተገቢ ምግብ በማጣት ቅርፊታቸው ይለሰልሳል ወይም ይጣመማል። ዝም ብሎ ባሕር ውስጥ መጣላቸውም መፍትሔ አይሆንም፤ ምግብ ፈልጎ መብላትን ላያውቁ፣ በሽታም ይዘው ሊሄዱ ይችላሉ። መጀመሪያ ምርመራ ያስፈልጋቸዋል።

የሻሩት ኤሊዎች ወደ ትልቅ የባሕር ውኃ ገንዳ ይዛወራሉ። እዚያ ይዋኛሉ፣ ይጠልቃሉ፣ ጡንቻ ያወጣሉ። የሚለቀቁት ባሕሩ ሲሞቅ ነው። አንዳንዶቹ ጀርባቸው ላይ በሳተላይት የሚከታተላቸው መሣሪያ ይለጠፍባቸዋል። ዱባይ ውስጥ ዲባ የተባለች አረንጓዴ የባሕር ኤሊ ጭንቅላቷን ክፉኛ ተመትታ ከአንድ ዓመት በላይ ታክማ ነበር። ከተለቀቀች በኋላ በዘጠኝ ወር ገደማ ከ8,000 ኪሎ ሜትር በላይ ዋኝታ የሕንድ ውቅያኖስን አቋርጣለች። ለእኔ የዚያ ሁሉ ወራት ልፋት ትርጉም ያገኘው እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለ መረጃ የሚያሳየው መዳኗን ብቻ አይደለም። ኤሊዎቹ የትኞቹን አገሮች ባሕር እንደሚያቋርጡና ጥበቃ የት የት እንደሚያስፈልጋቸውም ይጠቁማል።