ስማርት ኮንትራት ምንድን ነው? የአጎቴ ጥያቄ

አጎቴ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የአንድ የእሑድ ዕቁብ ዳኛ ናቸው። ባለፈው ክረምት ስለ ስማርት ኮንትራት ላስረዳቸው ስፍጨረጨር ዝም ብለው አዳመጡኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «እሺ፣ ዋሱ ማን ነው?» ያን ዕለት በቂ መልስ አልነበረኝም።

ስማርት ኮንትራት በብሎክቼይን ላይ፣ ማለትም ብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ በሚይዙት መዝገብ ላይ፣ የሚቀመጥ ፕሮግራም ነው። ስሙ ውል ይባል እንጂ ፊርማና ምስክር ያረፈበት ሰነድ አይደለም፤ «ይህ ከተሟላ ያን ክፈል» የሚል ትእዛዝ የተጻፈበት፣ ገንዘብም በራሱ አድራሻ (እንደ ባንክ ሒሳብ ቁጥር ያለ) መያዝ የሚችል ኮድ ነው። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያወጣው ኒክ ሳቦ ሲሆን፣ የሰጠው ምሳሌ ሳንቲም ሲገባለት ዕቃ የሚሰጠውን የመሸጫ ማሽን ነው፤ ሻጭ የለም፣ ክርክር የለም፣ ሳንቲሙ ከገባ ጠርሙሱ ይወጣል። ሐሳቡ በሰፊው ሥራ ላይ የዋለው ግን ኢቴሪየም እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ከጀመረ በኋላ ነው። ኢቴሪየም በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት ቅጂ የሚይዙለት መዝገብ ነው። ኮዱን ሁሉም ያስኬዱታል፤ ሁሉም አንድ ውጤት ላይ መድረስ አለባቸው። ይህችን የመጨረሻ ነገር ያዙልኝ።

ዕቁቡን ወደ ኮድ እንለውጠው። ብዙዎች የሚጽፉት ሶሊዲቲ በሚባል ቋንቋ ነው። መጀመሪያ መዝገቡ ይመጣል፤ የአባላት አድራሻ፣ የሳምንቱ መዋጮ፣ ዕጣ የደረሳቸው ሰዎች ዝርዝር። ቀጥለው ሥራዎቹ ይመጣሉ፣ በፕሮግራመሮች አጠራር ፋንክሽኖቹ፤ «መዋጮ ተቀበል»፣ «ዕጣ አውጣ»፣ «ክፈል»። በእያንዳንዱ ሥራ ደጃፍ ላይ ዘበኛ ይቆማል፤ አባል ያልሆነ ሰው ከመጣ ወይም መዋጮው ከተወሰነው ካነሰ፣ የተጀመረው ሁሉ ይሰረዝና ገንዘቡ ለላኪው ይመለሳል። የማይመለሰው ጋዝ ነው። ጋዝ ኮዱን ለማስኬድ የሚከፈል ዋጋ ሲሆን የወፍጮ ቤት ሒሳብ ይመስላል፤ እህሉ በበዛ ቁጥር ክፍያው ይጨምራል፣ ዱቄቱ ባያምርም ባለ ወፍጮው ገንዘቡን አይመልስም። ኮዱ እሑድ ስለ ደረሰ ብቻ ከእንቅልፉ አይነሳም፤ ሰው ወይም ሌላ ፕሮግራም ከውጭ ሊቀሰቅሰው ይገባል፣ የቀሰቀሰውም ጋዙን ይከፍላል።

ከሁሉ የከበደኝ ዕጣው ነው። አጎቴ ስም የተጻፈባቸውን ወረቀቶች ጠቅልለው ባርኔጣቸው ውስጥ ይነቀንቁና አንድ ሕፃን ጠርተው ያስወጡታል። ኮዱ ግን የራሱን ዕጣ መጣል አይችልም። ኮምፒውተሮቹ የየራሳቸውን ዕጣ ቢጥሉ አንዱ ለአንዱ አባል፣ ሌላው ለሌላው ይወጣና መዝገቡ ይለያያል። ብሎኩ፣ ማለትም መዝገቡ ላይ በየጊዜው የሚጨመረው ገጽ፣ የተዘጋጀበት ሰዓት እንደ ዕጣ ቢወሰድ ደግሞ አስቀድሞ ሊገመት ይችላል። አንዱ መፍትሔ እያንዳንዱ አባል የመረጠውን ቁጥር በምስጢር አሽጎ እንዲልክ፣ ሁሉም ከላኩ በኋላ እሽጉ እንዲፈታና ከድምሩ ዕጣው እንዲወጣ ማድረግ ነው። ተንኮለኛ እዚህም አይጠፋም፤ መጨረሻ ላይ የሚፈታው ሰው ውጤቱን አስልቶ ካልጣመው ዝም ሊል ይችላል። ዝም ያለውን ለመቅጣት ቀድሞ የተቀመጠ መያዣ ያስፈልጋል።

መያዣ ካልን ዋሱ ጋ ደረስን። ዕጣው የደረሰው ሰው በሳምንቱ ቢጠፋ አጎቴ ቤቱን ያውቃሉ፣ ዋሱንም ያውቃሉ፣ ካልሆነ ሽማግሌ ይልካሉ። ኮዱ የሚያውቀው አድራሻ ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ደግሞ የፈለገውን ያህል አድራሻ መክፈት ይችላል። ኮዱ ማዘዝ የሚችለው በእጁ ባለው ገንዘብ ላይ ብቻ በመሆኑ፣ ቀሪውን መዋጮ የሚሸፍን መያዣ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ይህን ሁሉ ቀድሞ ማስያዝ የሚችል ሰው ዕቁብ ምን ያደርግለታል? የመጀመሪያው ዕጣ የሚያስፈልገው በእጁ ምንም ለሌለው ነው። እንደ እኔ ግምት ስማርት ኮንትራት ያለን ገንዘብ በመጠበቅ ጎበዝ ነው፤ ገና ያልመጣን ገንዘብ በማመን ግን የፍኖተ ሰላምን ዕቁብ አያክልም።

ሌላም ነገር አለ። ጎጃም የዋሸራና የጎንጅ አገር ነው፤ ቃል ሰምና ወርቅ እንዳለው ቅኔ ቤት ያልገባውም ያውቃል። ኮዱ የሚያውቀው ሰሙን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2016 ዘ ዳኦ ከተባለ ብዙዎች ገንዘብ ካዋጡበት ኮንትራት ወደ 3.6 ሚሊዮን ኢተር (የኢቴሪየም ገንዘብ) የወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ኮዱ መጀመሪያ ይከፍላል፣ መዝገቡን የሚያስተካክለው በኋላ ነው። ተቀባዩ ራሱ ኮድ ስለነበረ ገንዘቡ እጁ እንደ ገባ፣ መዝገቡ ሳይነካ ተመልሶ «ክፈለኝ» ይላል፤ ደግሞ ይላል፣ ደግሞ ይላል። የጸሐፊዎቹ ሐሳብ ይህ አልነበረም፤ የጻፉት ግን ይህንን ነበር። ጠቡ የኢቴሪየምን ማኅበረሰብ ለሁለት ከፈለው። አብዛኛው ወገን ሕጉን ለውጦ ገንዘቡን ለባለቤቶቹ ለመመለስ ሲስማማ፣ «የተጻፈው ተጽፏል» ያለው ኢቴሪየም ክላሲክ በሚል ስም ቀጠለ። ዛሬ ጀማሪ ሁሉ የሚማረው ቅደም ተከተል ከዚያ የመጣ ነው፤ መጀመሪያ ፈትሽ፣ ቀጥለህ መዝግብ፣ በመጨረሻ ክፈል። በአውታሩ ላይ አንዴ የወጣን ኮድ፣ አስቀድሞ መንገድ ካልተበጀለት በቀር፣ ማረም አይቻልም።

ለዚህ ነው ሴፖሊያን የመሳሰሉ የሙከራ አውታሮች ያሉት፤ በእነሱ ላይ ያለው ኢተር በነፃ የሚገኝ፣ ዋጋ የሌለው ስለሆነ ስሕተት አያከስርም። የእኔ ዕቁብ እስካሁን እዚያ ነው ያለው። አምስት አባላት አሉት። አምስቱም እኔ ነኝ።