የአገዳ ስኳር፦ ወፍጮ የሚሠራውና የማይሠራው

መኸር ተሰብስቦ ሲያበቃ በኮምቦልቻ ዙሪያ የማሽላ አገዳ፣ ከደሴ በላይ ባለው ደጋ ደግሞ የገብስና የስንዴ ገለባ ይከመራል። «ይህ ሁሉ ቢፈጭ ስኳር፣ ከስኳሩም አልኮል ይወጣዋል» ይባላል። አባባሉ መሠረት አለው፤ ብዙ ስህተት ግን ተቀላቅሎበታል።

«ስኳሩ እንደ ጥንቅሽ ተጨምቆ ይወጣል»
ጥንቅሽ የሚጣፍጠው በእርጥቡ አገዳ ውስጥ ጭማቂ ስላለ ነው። በደረቀው አገዳ ውስጥ የቀረው ስኳር ግን ሴሉሎስና ሄሚሴሉሎስ በሚባሉ ረጃጅም ሰንሰለቶች ተያይዟል፤ ሊግኒን የሚባለው የተክሉ ማጠንከሪያም እንደ ጭቃ ምርግ ለስኖታል። ከገለባ ክብደት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ሴሉሎስ ነው። አንድ ኪሎ ሴሉሎስ ሙሉ በሙሉ ቢፈታ፣ ውሃ ስለሚገባበት 1.1 ኪሎ ያህል ግሉኮስ ይሆናል።

«ስኳሩን የሚያወጣው ወፍጮው ነው»
ወፍጮ መንገድ ይከፍታል እንጂ ሰንሰለቱን የሚፈታው ሴሉሌዝ የተባለ ኢንዛይም፣ ማለትም ሕያዋን የሚሠሩት ሰንሰለት ቆራጭ ፕሮቲን ነው። ዋነኛ ምንጩ ትሪኮደርማ ሪሴይ የሚባል ሻጋታ ሲሆን፣ የታወቀውም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሰለሞን ደሴቶች የአሜሪካ ጦርን የጥጥ ድንኳን እየበላ ሲያስቸግር ነው።

«ብቅል ይበቃዋል»
ጠላ የሚጠምቁ እናቶች የሚያነሱት ጥያቄ ነው፤ ብልህ ጥያቄም ነው። ብቅል በእርግጥ ኢንዛይም አለው፤ የሚፈታው ግን የእህሉን ስታርች ነው። ስታርችም ሴሉሎስም ከግሉኮስ የተሠሩ ቢሆኑም አያያዛቸው ይለያያል፤ የአገዳውን ሴሉሎስ ብቅል አይደፍረውም።

«በደቀቀ ቁጥር የተሻለ ነው»
ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ማድቀቅ ኢንዛይሙ የሚያርፍበትን ገጽ ያሰፋል፤ ከተወሰነ ልክ በኋላ ግን የሚጨመረው ስኳር ጥቂት፣ የሚበላው ኤሌክትሪክ ብዙ ይሆናል። በመዶሻ የሚመታ ወፍጮ ቁራጩን ያሳንሰዋል እንጂ የሴሉሎሱን ጥብቅ አደረጃጀት ብዙም አይነካውም። በብረት ኳሶች ለረጅም ጊዜ የሚወቅጠው ወፍጮ ግን ያንኑ አደረጃጀት ያፈርሰዋል፤ ስኳሩም በደንብ ይጨምራል። ችግሩ የጉልበት ፍጆታው ነው።

አገዳ ሊያስፈጭ ያሰበ ሰው አስቀድሞ አንዱን በእጁ ይስበር። ቀጭ ካለ ደርቋል። ታጥፎ ክሩ ከተላቀቀ ግን እርጥበት አለው፤ መዶሻው ሲያጎብጠው ይውላል፣ ወንፊቱም ይደፈናል። ከአውድማ የመጣ ጭድ ደግሞ አፈርና ጠጠር አያጣም፤ ሳይራገፍ ከገባ መዶሻውን ይበላዋል። (በእህል ወፍጮ አገዳ ይፈጭልኝ ማለት ከባለወፍጮው ጋር መጣላት ነው።) እርጥቡን ከውሃ ጋር በሁለት ዲስኮች መካከል የሚፈጭ ማሽንም አለ፤ እሱ ማድረቅ አያስፈልገውም።

«ያለ ኬሚካል የትም አይደረስም»
ግማሹ እውነት ነው። አሲድና ከፍተኛ ሙቀት ከስኳሩ የተወሰነውን ወደ ፉርፉራል ይለውጡታል፤ ፉርፉራል ደግሞ እርሾ ያዳክማል። ወፍጮ ይህ ጣጣ የለበትም። ሊግኒኑን ግን እዚያው ይተወዋል። ለዚህ ነው መጠነኛ መፍጨት ከእንፋሎት ወይም ከአልካሊ (እንደ ኮስቲክ ሶዳ ካለ የአሲድ ተቃራኒ) ጋር የሚጣመረው።

«የተገኘው ስኳር ሁሉ አልኮል ይሆናል»
አይሆንም። ከሄሚሴሉሎስ የሚወጣውን ዛይሎስ የተባለ ስኳር የተለመደው የዳቦ እርሾ አያብላላውም።

«ተረፈ ምርት በነጻ ይገኛል»
ይህን የሚለው ከብት የሌለው ሰው መሆን አለበት። የጤፍ ጭድ መኖ ነው፤ ለቤት ምርጊት ከጭቃ ጋር ይቦካል፤ ገበያ ወጥቶም ይሸጣል። በከብት ጨጓራ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳትም ሴሉሎሱን ያለ ፋብሪካ ይፈቱታል። እኔ ብጠየቅ የምጀምረው ከብት ከሚተወው ወፍራም የማሽላ አገዳ ግርጌ ነው። እሱም ቢሆን ማገዶ ነውና ዋጋው ከሂሳቡ ውስጥ ይግባ።